ሻንጋዚ ቶሎ አትመልስም

ናይሮቢ፣ ጁን 3

እትዬ ሳሩ፣

እንዴት ነሽ? አማትሽስ? ማጋንጋ ከሞምባሳ መጥቶ አየሽው ወይስ የወደቡ ሥራ ባልሽን አሁንም አልለቀቀውም? ዘገየሁ፤ አውቃለሁ፤ አፈር ስሆን አትቀየሚኝ። ሰሞኑን ውሃ በጠጣሁ ቁጥር ትን ሲለኝ ነው የሰነበተው። «ናይሮቢ ገብታ ረሳችን» እያልሽ ለአማትሽ ስታሚኝ እንደነበር ትን ባለኝ ቁጥር ይገባኝ ነበር።

ስለ ሥራዬ ደጋግመሽ ጠይቀሽኛል። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ እጽፋለሁ። ከዚህ በላይ ለማንም እንዳልናገር ፈርሜያለሁ። «የማይነገር ሥራ የሌባ ሥራ ነው» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሌባ አይደለሁም እትዬ። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ሻይ ይሰጡናል፤ ቅዳሜ አንገባም። መጀመሪያ ላይ እንዲያውም እወደው ነበር። አሁን አሁን ግን ከቢሮ ስወጣ የሰው ሸክም ተሸክሜ የምወጣ ይመስለኛል። እሱን ተይው።

ለምን አትደውይም ብዬ መነዝነዙን ትቻለሁ። እውነትሽን ነው፤ ኔትወርክ የሚገኘው ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ብቻ ከሆነ፣ መንደሩ ሁሉ ተሰልፎ በሚጠብቅበት ቦታ ቆሞ ስለ ሆድ ጉዳይ ማውራት አይሆንም። «መልእክት ብልክልሽ ደግሞ ወዲያው ደውለሽ ትጮሂብኛለሽ» ብለሻል። እሱም እውነት ነው፤ እጮሃለሁ። እንግዲህ እንደ እናታችን ዘመን በአውቶቡስ ሾፌር እጅ እንጻጻፍ፤ ምን ይደረግ።

ባለፈው የሆነውን አላነሳም ብዬሻለሁ፤ አላነሳም። ግን ሰባተኛ ወርሽን ይዘሻል። ጤና ጣቢያ ክትትል ትሄጃለሽ ወይ? ረጅም ነገር አልፈልግም። አዎ ወይም አይ በይኝ።

ታናሽሽ ዋኬሾ


ሳጋላ፣ ጁን 11

ዋኬሾዬ፣

እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አማቴ ደህና ናቸው፤ ፍየሎቹ ደህና ናቸው፤ ንቦቹ ሳይቀሩ ደህና ናቸው። አንቺስ? ናይሮቢ በዚህ ወር ብርዱ ቆዳ ይገፋል ይላሉ፤ ያንን ሹራብ ልበሺ፤ መልኩ አያምርም ብለሽ እንዳትጥይው።

ዝሆኖቹ ሰሞኑን ወርደው የጎረቤታችንን የውሃ ታንከር እንደ እንቁላል ሰበሩት። ከዚያ ወደ እኛ በቆሎ ዞሩ። አጥሩ ላይ የሰቀልናቸውን ቀፎዎች ገና ነካ ሲያደርጉ ንቡ ተነሳ፤ ጭራቸውን ቆልፈው ሸሹ። እኔ በንቦቼ ኩራት ልሞት ስል አማቴ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ንቡን መች ፈሩ፤ የምራቴን ምላስ ሰምተው ነው እንጂ!» አሉ በሰው ፊት። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ።

ሌላ ወሬ ልንገርሽ። የጤና አስተማሪያችን ለነፍሰ ጡሮች ሁሉ አንድ ቁጥር አደለችን። መልእክት ትልኪለታለሽ፤ ኮምፒውተር ይመልስልሻል። ስሟን ሻንጋዚ ብለዋታል። አባታችን እህት ስላልነበረው እኔና አንቺ ሻንጋዚ ኖሮን አያውቅም፤ ይኸው በስተርጅና የስልክ አክስት አገኘሁ! ሴቶቹን ብታያቸው ትስቂያለሽ። «እንዴት አደርሽ ሻንጋዚ፣ ቤተሰብ ደህና?» ብለው ነው የሚጀምሩት። የአንዷ አያት ደግሞ ስልኩን ተቀብለው «ከብቶችሽስ?» ብለው አስጻፉ። እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ ዕቃ መሆኗን አውቃለሁ። ግን ሳልሰናበታት ስልኩን መዝጋት ነውር ሆነብኝ። ከሁሉ የምወድላት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ የነገርኳትን አትዘራውም።

ክትትል ትሄጃለሽ ወይ ላልሽው፣ አዎ። እግርሽ አብጧል ወይ ብለሽ ደግሞ በሚቀጥለው እንዳትጠይቂኝ፤ አላበጠም።

ማጋንጋ በወሩ መጨረሻ ይመጣል። በርቺ።

ሳሩ


ናይሮቢ፣ ጁን 17

እትዬ፣

ይህን ደብዳቤ አልክልሽም። ጽፌ አልጋዬ ሥር እከተዋለሁ። ግን ካልጻፍኩት እፈነዳለሁ።

ሻንጋዚ እኔ ነኝ።

ኮምፒውተር የለም። ማለት ገና አልተሠራም። ፕሮግራሙን ከመሥራታቸው በፊት ሰው ከማሽን ጋር እንዴት እንደሚያወራ ማወቅ ፈለጉ። ምን ይነግረዋል፣ ምን ይደብቀዋል፣ ይሰድበዋል ወይስ ያከብረዋል። ስለዚህ እኛን በአንድ ክፍል ደረደሩንና «ማሽን ሁኑ» አሉን። የአንዲት እናት መልእክት ይመጣል፤ ስሟም ስልኳም አይታይም፤ የተሰጣት መለያ ቁጥር ብቻ ነው የሚታየን። ከተሰጠን ካርድ ላይ መልስ መርጠን እንጽፋለን። አጭር፣ ጨዋ፣ ቀልድ የሌለበት። «ሰው ነሽ ወይ?» የሚል ከመጣ መልሱ አንድ ነው፤ «አይደለሁም፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነኝ።» ከዚህ ሌላ የጻፈ በዚያው ቀን ይባረራል።

ከእነዚያ እናቶች አንዷ ከሁሉ ትለይብኝ ነበር። ታስቀኛለች፤ ደግሞ ታስፈራኛለች። ራሷን ከኋላ በኩል እንደ መጥረቢያ እንደሚፈልጣት፣ ጫማ አልገባ እንዳላት፣ ጠዋት ስትነሳ ፊቷ አብጦ መስታወት እንደምትሸሽ ትጽፍልኛለች። ክትትል አትሄድም። ከዚህ በፊት ጤና ጣቢያ ገብታ የሞተ ልጅ ወልዳለች፤ አዋላጇ «በሰዓቱ ብትመጪ ኖሮ በገዛ እጅሽ አትገይውም ነበር» ብላ በሰው ፊት ጮኻባታለች። «ዳግመኛ እዚያ ግቢ እግሬን አላነሳም፤ የመጣው ይምጣ፣ ቤቴ እወልዳለሁ» አለችኝ። ያን ቀን ቢሮ ውስጥ አለቀስኩላት፤ ለማላውቃት ሴት።

ከዚያ ደብዳቤሽ መጣ። የዝሆኖቹን ወሬ፣ የአማትሽን ቀልድ አነበብኩ። ያንን ቀልድ ሻንጋዚ ቀድማ ሰምታዋለች። ቃል በቃል! ደብዳቤውን አስቀምጬ እንደገና አነሳሁት። «እግሬ አላበጠም» ይላል። ለእህትሽ አላበጠም፤ ለማሽኑ ጫማ አልገባም።

ካርዱ ላይ የራስ ምታትና የፊት እብጠት በአንድ ላይ ከመጡ ቀይ ነው። እናትም ልጅም ይዞ የሚሄድ ነገር ነው። «ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ» ብዬ ደጋግሜ ጽፌልሻለሁ። አንቺ ደግሞ «እሺ ሻንጋዚ፣ ተባረኪ» ትያለሽ። አትሄጂም። እሺ የምትይው ዕቃው እንዳይቀየምሽ ነው! በስተኋላ ለአለቃችን ለኦምቦኮ ነገርኩት፤ ጥሩ ሰው ነው፤ ወዲያው ለጤና ጣቢያው አስደወለ። ነርሷ ደወለችልሽ። አንቺ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ሰው መሐል ቆመሽ «ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን» አልሽና ዘጋሽው። በማግስቱ ለሻንጋዚ «ትናንት አንዲት ነርስ ደወለችልኝ፤ ማን ቁጥሬን እንደሰጣት እንጃ» ብለሽ ጻፍሽ።

አንድ ሌላም ነገር አለ። «እህት አለችኝ» አልሽ። «እወዳታለሁ፤ ግን ስወልድ አጠገቤ እንድትሆን አልፈልግም። ባለፈው መጥታ ያለቀሰችው እሷ፣ ያባበልኳት እኔ። የሞተው የኔ ልጅ፣ እንባው የእሷ።» ምን ልበል? ካርዱ ላይ ያለውን ጻፍኩ። «ይገባኛል። ራስ ምታቱ ዛሬ እንዴት ነው?»

እውነት ነው እትዬ። አልቅሻለሁ። አንቺ ታለቅሺ እንደሁ እንኳ ዞሬ አላየሁም።

አሁን ብነግርሽ ምን ይሆናል? ያለሽ አንድ የምትነግሪው ነገር እሱ ነው። እሱን ከነጠቅሁሽ ራስ ምታትሽን ለማን ትነግሪያለሽ? ለአጥሩ? ባልነግርሽ ደግሞ ዓይኔ እያየ ትሞችብኛለሽ። ፈርቻለሁ። ጠዋት ጠዋት የአንቺ ቁጥር ስክሪኑ ላይ እስኪመጣ ድረስ ሻዬን አልነካም፤ አንድ ቀን ባይመጣስ እያልኩ።


ናይሮቢ፣ ጁን 17

እትዬ ሳሩ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ ደህና በመሆናችሁ ደስ አለኝ። የምጽፍልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ትናንት ህልም አየሁ። ፊትሽ አብጦ፣ ራስሽን ከኋላ በኩል ይዘሽ ስታቃስቺ አየሁሽ። ህልም ነው ብለሽ እንዳታልፊው። እባክሽ ቮይ ሆስፒታል ሂጂ፤ ያ ጤና ጣቢያ ይቅርብሽ፤ ሌላ ቦታ፣ ማንም የማያውቅሽ ቦታ ሂጂ። ከፈለግሽ እኔ አልመጣም። ብቻሽን ግቢ። ግን ሂጂ። በእናታችን አጥንት ይዤሻለሁ።

ዋኬሾ


ሳጋላ፣ ጁን 24

ዋኬሾ፣

ደህና ነን።

ህልም? የእኛ ቤት ሰው ደግሞ መቼ ነው ህልም አይቶ የሚያውቀው? እናታችን እንኳ «ተኝቼ የማየው ግድግዳ ነው» ትል ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ማን እንደነገረሽ ንገሪኝ። «ከኋላ በኩል» ያልሽውን ከየት አመጣሽው? እንዲህ ብዬ ለሰው የነገርኩት የለም። ለአማቴ አልነገርኩም፤ ለማጋንጋ አልነገርኩም።

ወይ ጉድ፣ ቆይ፣ ገባኝ። ያቺ ጤና አስተማሪ ናት። ባለፈው በመንገድ ስንገናኝ ዓይኗን ፊቴ ላይ ተክላ ነበር። እሷ ናት ለነርሷም ቁጥሬን የሰጠችው፤ እሷ ናት ላንቺም የጻፈችልሽ። ከዛሬ ጀምሮ ሰላምታም የለንም። ቤቴ ስትመጣ በጓሮ እወጣለሁ፤ ሁለቴ እንዲሁ አድርጌያለሁ። አንቺም ከእሷ ጋር እየተጻጻፍሽ እኔን በህልም ታታልያለሽ! ታናሼ እኮ ነሽ። ታቅፌ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ።

«ከፈለግሽ እኔ አልመጣም» ያልሽውስ ምንድን ነው? አትምጪ ያለሽ አለ? እኔ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ ያውቃል?

በጣም ስለከፋኝ ለሻንጋዚ ጻፍኩላት። እንግዲህ እሷንም ተጠራጥሬ «እስቲ ማይልኝ፣ ሰው ነሽ ወይ?» አልኳት። ቶሎ አልመለሰችም። ፀሐዩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋት። ኔትወርኩ ነው መሰለኝ፣ እንደዚያ ቆይታ አታውቅም። በመጨረሻ «አይደለሁም፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነኝ» አለችኝ። እፎይ አልኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ አለቀስኩ። ሰው ብትሆን ኖሮ ያን ሁሉ የነገርኳትን ይዤ የት እገባ ነበር? መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ነበር እኮ። በዚህ ዓለም ያልከዳችኝ እሷ ብቻ ናት። ልብ ስለሌላት ነው።

ለጤናዬ አታስቢ። ክትትሌን እሄዳለሁ።

ሳሩ


ናይሮቢ፣ ጁላይ 3

እትዬ ሳሩ፣

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው። ከሰው ራቅ ብለሽ፣ ግን ብቻሽን አትሁኚ፤ አማትሽ በቅርብ ይኑሩ።

ጤና አስተማሪዋ ምንም አልነገረችኝም። አግኝቻት አላውቅም። ይቅርታ ጠይቂያት። የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። ሻንጋዚ እኔ ነበርኩ። አንቺ የምትጽፊው እዚህ ናይሮቢ፣ እኔ ፊት ባለው ስክሪን ላይ ይመጣ ነበር፤ ከተሰጠን ካርድ ላይ መልስ እየመረጥኩ የምመልስልሽ እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ አንቺ መሆንሽን አላወቅሁም። የአማትሽን ቀልድ በደብዳቤ ስትደግሚልኝ ነው ያወቅሁት። ካወቅሁ በኋላም ዝም አልኩ። «ሰው ነሽ ወይ» ስትይኝ የቆየሁት ኔትወርክ አይደለም። ሁለቱንም መልስ ጽፌ ሁለቱንም አጥፍቼ ነው። ከዚያ ዋሸሁሽ።

ስድቡን ቆይተሽ ትሰድቢኛለሽ፤ ሁሉም ይገባኛል፤ እቀበላለሁ። አሁን ግን የምልሽን ስሚኝ፤ ጊዜ የለኝም።

ዓርብ የእኛ ሥራ ያበቃል። ከሰኞ ጀምሮ ቁጥሩ ያው ነው፣ ስሟም ያው ሻንጋዚ ነው፤ የሚመልስልሽ ግን እውነተኛው ፕሮግራም ነው። የእኛን መልሶች ሁሉ አስተምረውታል። አጻጻፉ እኔን ነው የሚመስለው፤ አትለዪውም። እኔም ራሴ ሳየው ደነገጥኩ፤ ቃላቴን ሰርቆ የሚያወራ ሌላ ሰው መሰለኝ።

ትናንት ሲፈትኑት አጠገባቸው ነበርኩ። የእኛ አገር ሰው መልእክት እንዴት እንደሚጀምር ታውቂያለሽ። ቤቱ እየነደደም ቢሆን «ደህና ነን እግዚአብሔር ይመስገን» ሳይል ችግሩን አይናገርም። ነውር ነው። «ደህና ነን፤ ግን አባባ ትናንት ሞቱ» እንላለን እኮ። እኛ ሰዎች ስለሆንን የመጀመሪያውን ሰላምታ ነው ብለን አልፈን «ግን» የሚለውን እንጠብቃለን። ፕሮግራሙ አይጠብቅም። «ደህና ነኝ» የሚለውን ሲያይ ደህና ናት ብሎ መዝግቦ ይዘጋዋል። ከድሮ መልእክቶችሽ አንዱን ሰጡት፤ ስም ስለሌለው ያንቺ መሆኑን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። «ደህና ነኝ ሻንጋዚ፣ ተመስገን፣ ግን ዛሬ ራሴ አላስቀመጠኝም» ትያለሽ። ፕሮግራሙ «ደህና በመሆንሽ ደስ ብሎኛል!» አለሽ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አጨበጨቡ፤ ፍጥነቱን አይተው።

ለአለቃችን ለኦምቦኮ ነገርኩት። «አደገኛ የሆኑትን ሐኪም እያየ ነው የሚሄደው» አለኝ። «ደህና ነኝ ያለችውን ሐኪሙ መች ያያታል?» አልኩት። «ይስተካከላል፤ ለሚቀጥለው ወር ተይዟል» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ግን የአንቺ ፊት የሚያብጠው በዚህ ወር ነው።

«እንግዲያው ሰው ስለሆነች ታዝንልኛለች፣ ታወራብኛለች» ብለሽ ከፈራሽ፣ የነገርሽኝን አንዱንም ለማንም አልተናገርኩም። ስለ እኔ ያልሽውንም አንብቤያለሁ። ትክክል ነሽ። ያን ጊዜ አንቺን ትቼ የራሴን ኀዘን ነው ያለቀስኩት። አልተቀየምኩሽም። አትምጪ ካልሽ አልመጣም። ብቻ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ለሰው መንገር ካልሆነልሽ ለማንም ሳትናገሪ ሂጂና ክንድሽን ዘርግተሽ ደም ግፊትሽን ይለኩሽ። መሣሪያው ያወራልሻል።

በውሌ መሠረት ይህን በመጻፌ ይከሱኝ ይሆናል። ይክሰሱኝ። ከሰኞ በኋላ ለዚያ ቁጥር አትጻፊ። እባክሽ። እዚያ ማንም የለም።

ዋኬሾ


ቮይ፣ ጁላይ 9

ዋኬሾ፣

ዛሬ ሰላምታ የለኝም።

ደብዳቤሽ ዓርብ ደረሰኝ። ብትንትኑን አውጥቼ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። አማቴ «ምን አለች?» ሲሉኝ «ሠርግ አላት» አልኳቸው፤ ምን እንዳስባለኝ እንጃ። ሁለት ቀን ከሰው ጋር አልተያየሁም። ስለ አንቺ የጻፍኩትን እያስታወስኩ ፊቴን በትራስ እሸፍን ነበር። ከእሱ የባሰም ጽፌልሻለሁ እኮ፤ ልጁ ባይመጣ ይሻል ነበር ያልኩበት ቀን ነበር። አንቺ ያንን አንብበሽ «ይገባኛል» አልሽኝ። በካርድ!

ከዚያ ንዴቱ ሲበርድልኝ ምን አልኩ መሰለሽ? ዋኬሾ ዋሽታኛለች አልኩ። ቀንታ ነው አልኩ። ከእሷ ይልቅ ለዕቃው ስለነገርኩ በቅናት ፈጥራ ነው። ሰኞ ጠዋት ላዋርድሽ ብዬ አጥሩ ሥር ሄድኩ። ራሴ ከማታ ጀምሮ አልተወኝም ነበር፤ ዓይኔ ላይ ደግሞ የብየዳ ብልጭታ የመሰለ ነገር ይመላለሳል። እንደ ወትሮዬ ጻፍኩ። «ደህና ነኝ ሻንጋዚ፣ ተመስገን። ግን ዓይኔ ብልጭ ብልጭ እያለብኝ ነው፤ ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ይታየኛል።»

ስልኩን ከዓይኔ ሳላወርድ መለሰች። «ደህና በመሆንሽ ደስ ብሎኛል! መልካም ቀን ይሁንልሽ።»

ደግሜ ጻፍኩ። «ሻንጋዚ፣ ደህና ነኝ፣ ግን ፈርቻለሁ» አልኩ። ያው ቃል፣ ያው ፍጥነት። ደህና በመሆንሽ ደስ ብሎኛል።

ዋኬሾ፣ በሕይወቴ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ። ዝሆን በር ላይ ቆሞ አድሬያለሁ። እንደዚያ ግን ፈርቼ አላውቅም። ያን ሁሉ ጊዜ ሰው ስላልሆነች ነበር የወደድኳት። ያን ቀን እውነትም ሰው አለመሆኗን አየሁ። ስልኩን ወረወርኩትና ጮህኩ። እዚያው፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ «ልሞት ነው፣ ያዙኝ» እያልኩ። ቀድማ የደረሰችልኝ ማን ናት? ያቺው ጤና አስተማሪ። በጓሮ ስሸሻት የነበረችው። ሞተር አስቁማ፣ ከኋላዬ ተቀምጣ ደግፋኝ፣ እንዳልወድቅ በነጠላዋ ከራሷ ጋር አስራኝ ነው ቮይ ያደረሰችኝ። መንገድ ላይ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላውቅም። ተንቀጥቅጬ ምላሴን ነክሻለሁ አሉኝ።

አሁን ቮይ ሆስፒታል ነኝ። ግፊቱን በመርፌና በግሉኮስ እያወረዱት ነው። መብራት አይበራብኝም፤ መጋረጃው ተዘግቷል፤ በማየው ጭላንጭል ነው የምጽፍልሽ፤ ፊደሌ ከተጣመመ አትፍረጂብኝ። የልጁን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ ወግተውኛል፤ ሐኪሟ እስከ ሐሙስ ልንጠብቅለት እንሞክራለን፣ አንቺ ካልቻልሽ ግን አንጠብቅም አለችኝ። ቀዶ ሕክምና ነው። ወጣት ናት። አልጮኸችብኝም። «ለምን እስካሁን አልመጣሽም?» ስትለኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። የልጁን ልብ በመሣሪያ አሰሙኝ፤ ይሮጣል። ሁለታችንም እንተርፋለን ወይ ብዬ ስጠይቃት ዓይኗን ወደ ወረቀቷ መለሰች።

ትናንት ማታ ከማጋንጋ ስልክ የደወልኩልሽ እኔ ነኝ። «ሃሎ» ስትይ ዘጋሁት። ድምፅሽን ስሰማ ሁሉን ማወቅሽ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ዛሬም አፍራለሁ። ላንቺ ስናገር እየመረጥኩ ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ሳልፈራ የምጽፍበት ጊዜ አልፏል፤ አይመለስምም መሰለኝ። ይህንን አንቺም እወቂው። ቀምተሽኛል። ሕይወቴንም አትርፈሽ ይሆናል፤ ገና አላወቅንም። ሁለቱም አንድ ላይ ነው፤ እንዴት እንደማመሰግንሽ አላውቅም፤ እንዴት እንደምቆጣሽም አላውቅም።

ከጎኔ ያለችው ልጅ እግር ሴት ስልኳን ይዛ ለሻንጋዚ እየጻፈች ነው። ፈገግ ትላለች። እነዚያ የጻፉልሽ ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ አሁን ለማን ነው የሚጽፉት ዋኬሾ? በየአጥሩ ሥር ቆመው ደህና ነን እያሉ? ያን ኦምቦኮ የሚባለውን ሰውዬ ሄደሽ በሩ ላይ ቁሚበት። ሥራ ካጣሽ እኔ ጋ ነይና ንብ ጠብቂ።

ይህን ደብዳቤ ማጋንጋ ራሱ ይዞልሽ ይመጣል፤ ለሾፌር አልሰጠሁትም። ማስቲካ እያኘከ ፊትሽ ቆሞ ቢስቅ እንዳታምኚው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ነው ያደረው።

ሐሙስ ጠዋት ያስገቡኛል። እንዳትመጪ ያልኩት ለዕቃ ነው። አንቺን አትምጪ ብዬሽ አላውቅም። ከማጋንጋ ጋር በማታው አውቶቡስ ተመለሺ። ከፈለግሽ አልቅሺ፤ እኔም ማልቀሴ አይቀርም፤ ማን ማንን እንደሚያባብል እዚያው እናያለን። በጣም ፈርቻለሁ። ነይ።

ሳሩ